አጥሩን ማን ይቀባ?

«ካራቴ ኪድ» የሚባል ፊልም ሁለት ነው። አንዱን ጆን አቪልድሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ሠራው፤ እኔ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቄ ያየሁት እሱን ነው። ሌላውን ሃራልድ ዝዋርት በ2010 አዘጋጀው፤ የእህቴ ልጅ የሚምለው በዚህኛው ነው። በአዲሱ ካራቴ ኪድ ውስጥ ግን ካራቴ የለም። ልጁ የሚማረው ኩንግ ፉ ነው። ዶሮ ወጥ አዝዤ ምስር ቢቀርብልኝ አስተናጋጁን እጠራለሁ፤ ሆሊውድ ሲሆን ማን ይጠራል?

ታሪኩ ያው ነው። አባት የሌለው ልጅ እናቱን ተከትሎ አገር ይለቃል፣ የሰፈሩ ጉልቤዎች ይቀጠቅጡታል፣ የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ጉድ ሆኖ ይገኛል። የድሮው ዳንኤል ከኒው ጀርዚ ሎስ አንጀለስ ይገባል፤ የአሁኑ ድሬ ከዲትሮይት ቤጂንግ። ዳንኤልን የሆነው ራልፍ ማቺዮ ፊልሙ ሲወጣ 22 ዓመቱ ነበር፤ ሚስት ለማግባት የደረሰ ሰው ሁለት ካልቾ ቢቀምስ አንጀት አይበላም። ድሬ ግን የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ ሲነርቱት ማየት ያሳቅቃል። ከፊልሙ ፕሮዲውሰሮች መካከል ደግሞ የልጁ ተዋናይ የጄደን እናትና አባት፣ ጄዳ ፒንኬትና ዊል ስሚዝ አሉበት። ወላጅ ልጁን ለማስደብደብ ይህን ያህል ሲደክም አይቼ አላውቅም።

የኔ ክርክር ግን በዱላው ላይ አይደለም፤ በሥራው ላይ ነው። የድሮው ፊልም ጥገና ሠራተኛ ሚስተር ሚያጊ ካራቴ አስተምራለሁ ብለው ዳንኤልን መኪኖቻቸውን ያሳጥቡታል። ከዚያ ሰም፤ በቀኝ እጅ እያዞሩ መቀባት፣ በግራ እጅ እያዞሩ መወልወል። በማግስቱ ወለሉን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ። ቀጥሎ አጥር፣ ብሩሹ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ከዚያ ቤቱ ራሱ፣ ግራና ቀኝ። ቤቱ በሚቀባበት ቀን ሽማግሌው የሉም፤ ዓሣ ሊያጠምዱ ሄደዋል! ማታ መቃጥናቸውን ይዘው ሲመለሱ ልጁ ገንፍሎ ሊሄድ ይነሳል። ያኔ ቡጢ ይሰነዝሩበታል፤ ክንዱ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ያን የሰም ዙር ዞሮ ይመክታል። ሌላ ቡጢ፣ አጥሩ ይመክታል። ቪዲዮ ቤቱ በፉጨት የሚናጋው እዚህ ላይ ነበር።

የአዲሱ ሚስተር ሃን፣ ማለትም ጃኪ ቻን፣ ምን አደረጉ? ጃኬት አውልቅ፣ ስቀል፣ አውርድ፣ ልበስ። ደግሞ አውልቅ። ድሬ ጃኬቱን መሬት ላይ እየጣለ እናቱን ስላማረረ ነው ነገሩ። ክንዱ መመከት መማሩ እውነት ነው፣ ትዕይንቱም አምሯል። ግን አጥሩን ማን ይቀባ? ሚያጊ ካራቴ አስተምረው፣ ቤት አሳድሰው፣ ዓሣ ይዘው ገቡ። ሃን ያተረፉት የተሰቀለ ጃኬት ብቻ። ተማሪ ተበዘብዤ ነው የሚል ጥርጣሬ ከሌለው በኋላ ሲገባው ምን ያስደንቀዋል? የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «አጎቴ፣ ያንተው ሰውዬ ጉልበት በዝባዥ ነው» አለኝ። ነው እንጂ። ለዚያም ነው የሚያስቀው።

ለአዲሱም የሚገባውን ልስጠው። ሚያጊ ዝንብ በቾፕስቲክ ሊይዙ ሲታገሉ ኖረው ዳንኤል በመጀመሪያ ሙከራው ይይዛል። ሃንም ቾፕስቲካቸውን አንስተው ዝንቧን በተመስጦ ይከታተላሉ፤ እጃችንን አፋችን ላይ ጭነን ስንጠብቅ በሌላ እጃቸው የዝንብ መምቻ አንስተው ጧ! የድሮውን ሳያዋርድ እንዲህ የቀለደበት ሌላ ቦታ የለውም።

ሐዘኑንም አላጠፋውም። ሚያጊ ጠጥተው የሚያለቅሱበት ሌሊት አለ፦ እሳቸው ለአሜሪካ ጦር ሲዋጉ ሚስታቸው ከነልጃቸው የሞተችው አሜሪካ ጃፓናውያንን ባጎረችበት በማንዛናር ካምፕ ነው። ተዋናዩ ፓት ሞሪታ ራሱ በልጅነቱ እንዲህ ባለ ካምፕ ታጉሯል፤ በሚናው ለኦስካር ታጭቷል። ጃኪ ቻን ደግሞ በሃን ሚናው ሚስቱና ልጁ የሞቱበትን መኪና በየዓመቱ ይጠግንና በዚያው ዕለት መልሶ ያደቀዋል። በመሰላልና በወንበር ሲደባደብ የለመድነው ሰው መሪ ላይ ተደፍቶ ሲያነባ ያየ፣ ሌላውን ሁሉ ይቅር ይለዋል።

የመጨረሻዋን ካልቾ ግን ይቅር አልልም። ዳንኤል በአንድ እግሩ ቆሞ እጆቹን እንደ ክንፍ ይዘረጋል፤ ያን ማንም የሰፈር ልጅ በማግስቱ ሞክሮ ወድቋል። ድሬ አየር ላይ ተገልብጦ ነው የሚመታው። ማን ይሞክረው?

ደሞዝ ላይ ደግሞ ሚያጊ ንፉግ አይደሉም። ለልደቱ ሰም ከቀባቸው መኪኖች አንዷን ምረጥ ብለው ቢጫዋን ፎርድ ሰጡት። ማቺዮ ያቺን መኪና በእውነተኛው ሕይወቱም ወስዷታል፤ ሰሙን ማን እንደሚቀባት አልሰማሁም።