ብሶት የሚያኖራት ከተማ

ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰው ሌላ አገር ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌ ካልሆነለት ጠበቃ ይይዛል። ናሽቪል ላይ ግን ጊታር ያነሳል። ብሶቱ ዘፈን ይሆናል፣ ዘፈኑ መጠጥ ቤት ይሞላል፣ መጠጥ ቤቱ ግብር ይከፍላል፣ በግብሩ አስፋልት ይጠገናል። በዚህች የአሜሪካዋ የቴነሲ ግዛት ዋና ከተማ አንድም ባል ሳይማግጥ፣ አንዲትም ሚስት ሳትኮበልል ዓመቱ ቢያልፍ ማዘጋጃ ቤቱ የሚከስር ይመስለኛል።

ያስጎበኘኝ እዚያው የሚኖረው አጎቴ ነው። ጋሼ የካሴት ዘመን ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ሳለ እንግሊዝኛው ሳይገባው በካንትሪ ዘፋኞቹ በኬኒ ሮጀርስና በዶን ዊልያምስ ዜማ ሲተክዝ ያመሽ ነበር። «እዚህ መጥቼ ቋንቋውን ስለምድ ቀለለኝ» ይላል፤ «ለካ የጠፋችው ሚስቱ ብቻ ናት! እኔ እኮ አገር የፈረሰ መስሎኝ ነበር አብሬው የማለቅሰው።»

ጭፈራው ያለው ሎወር ብሮድዌይ ጎዳና ላይ ነው። ግራና ቀኙ ሆንኪ ቶንክ የሚባለው መጠጥና ዘፈን ቤት ተደርድሯል። ብዙዎቹ መግቢያ አያስከፍሉም፤ ባንዶቹም ጨለማ አይጠብቁም፣ ከረፋድ ጀምረው ተራ በተራ እየተቀያየሩ እስከ ሌሊት ይዘልቃሉ። መድረኩ ብዙ ጊዜ መስኮቱ ሥር ስለሆነ ከውጭ ለሚያልፍ ሰው የሚታየው የዘፋኙ ጀርባ ነው። መስኮቱ ደግሞ ክፍት ነው፤ መንገዱ መሐል የቆመ ሰው የሦስት ቤት ሐዘን ባንዴ ይሰማል።

ዘፋኞቹ በአብዛኛው የሚኖሩት በጉርሻ ነው። ባልዲ ይዞራል፤ የሚፈልጉት ዘፈን ካለ ብር ጣል አድርገው ያዝዛሉ። እኛ አዝማሪ ቤት ገንዘብ የምናወጣው ስማችን ተጠርቶ፣ ዘራችን ተቆጥሮ፣ ጀግንነታችን ተመስክሮ ነው። እዚህ ግን ዘፋኙ ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ የራሱን ጉድ ዘርዝሮ ሲያበቃ ባልዲውን አመጣ። ጋሼ አምስት ዶላር ከተተና «መጽናኛ ነው» አለ።

ግራ የሚያጋባው ታዳሚው ነው። የአሜሪካ ሙሽሮች ከሠርጋቸው በፊት ከሚዜዎቻቸው ጋር ለመጨፈር ከሚጎርፉባቸው ከተሞች አንዷ ናሽቪል ናት። ነጭ ቬሎ ደፍታ፣ ሮዝ ቡት ተጫምታ የገባች ሙሽራ በፍቺ ዘፈን እጇን ሰቅላ ስትጨፍር አየሁ። የዘፈኑ ባል በማገጠ ቁጥር ሚዜዎቹ ይጮኻሉ። ጋሼ ትንሽ አያቸውና «ከወዲሁ መለማመዳቸው ጥሩ ነው» አለኝ።

ጥግ ዞር ሲሉ ራይማን አዳራሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1892 ተሠርቶ ያለቀው ለወንጌል ስብከት ነው፤ ካፒቴን ቶማስ ራይማን የሚባል የወንዝ መርከቦች ባለቤት ሰባኪ ሰምቶ ልቡ ተነክቶ ነው ያሠራው። ዛሬም ታዳሚው የሚቀመጠው የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ ነው። ከ1943 እስከ 1974 ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ከዚያ መድረክ ይተላለፍ ነበር። ከአዳራሹ ጀርባ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ማዶው ሐምራዊ ቀለም የተቀባው የቱትሲስ ኦርኪድ ላውንጅ የጓሮ በር ነው። የዚያ ዘመን ዘፋኞች ተራቸው እስኪደርስ በዚያች በር ሹልክ ይሉ ነበር። ካፒቴኑ ነፍስ ለማዳን ፊት ለፊት በር ከፈተ፤ መለኪያው በጓሮ ዞሮ ጠበቀው።

ብሶቱን ከምንጩ ልቅዳ ያለ ከመሐል ከተማ ወጣ ብሎ ብሉበርድ ካፌ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1982 የተከፈተ፣ ዘጠና ሰው የሚይዝ ቤት ነው። ግጥም ደራሲዎቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና የትኛው ዘፈን ከየትኛው መከራ እንደተወለደ እያወሩ ይጫወታሉ። ለታዳሚው ግን ማውራት ነውር ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ እንደዚያ ጸጥ አይባልም።

ሆድም አልተረሳም። ሮበርትስ ዌስተርን ወርልድ ድሮ ቡት ይሸጥበት የነበረ ቤት ነው፤ ቡቱ ዛሬም ግድግዳው ላይ ተደርድሯል። የታወቀበት ምግብ ቦሎኛ የሚባል ሥጋ ተጠብሶ የገባበት ሳንድዊች ሲሆን ከቺፕስ፣ ከሙን ፓይ ብስኩትና ከቢራ ጋር በአንድ ሒሳብ ይቀርባል። የሒሳቡ ስም «የኢኮኖሚ ድቀት ስፔሻል» ነው፤ ድህነትም እዚህ ገበያ አለው። ጋሼ ሥጋው የምን እንደሆነ ጠየቀና መልሱን ሳይሰማ ቢራውን አነሳ።

ዋናው ግን ሆት ቺክን ነው። ተጠብሶ በሚያቃጥል በርበሬና በትኩስ ዘይት የተለወሰ ዶሮ ነጭ ዳቦ ላይ ተጋድሞ፣ የኮምጣጤ ኪያር ተደርቦበት ይመጣል፤ ዘይቱ ዳቦውን አቅልቶት ሰሃኑ ድረስ ይወርዳል። እንደሚነገረው ቶርንተን ፕሪንስ የሚባል ሰው ውጭ አምሽቶ ሲመለስ፣ ወዳጁ ልትበቀለው ዶሮው ላይ በርበሬውን ገለበጠችበት። እሱ ግን ጣፈጠውና ጨምሪልኝ አለ፤ ቆይቶም በዚሁ ዶሮ ምግብ ቤት ከፈተ። ይኸው ዛሬ ሕዝቡ ተሰልፎ፣ ከፍሎ ያለቅሳል።

ጋሼ «እኔ የበርበሬ አገር ልጅ ነኝ» ብሎ ከሁሉ የሚያቃጥለውን አዘዘ። አስተናጋጇ ሁለቴ ጠየቀችው። በሦስተኛው ጉርሻ ላብ ግንባሩን ሲሞላው የዶሮውን ታሪክ ነገርኩት። አፉን በወተት እያበረደ አሰበበትና፣

«እኛ አገር ቢሆን» አለ፣ «ምግብ ቤቱን በራሷ ስም ታወጣና እሱን አስተናጋጅ ታደርገው ነበር።»