ከመተማ ወደ ካንሰር ባዮሎጂ፦ የአመላከት ሥርዓት

ካንሰር ባዮሎጂ አንድ ሕዋስ መባዛቱን ማቆም ሲያቅተው የሚሆነውን ያጠናል። በዚህ ዘርፍ ለዶክትሬት ማመልከት ደግሞ ወረቀት መባዛቱን ማቆም ሲያቅተው የሚሆነውን ያሳያል። ሁለቱም ሳይታወቅ ጀምረው ባለቤቱን ይጨርሳሉ። ልዩነታቸው ለመጀመሪያው መድኃኒት እየተፈለገ መሆኑ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚዘረዘረው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው ሥርዓት ሲሆን፣ ከመተማ ዮሐንስ፣ ከገንዳ ውኃ ወይም ከቋራ ለሚነሣ አመልካች እንዲመች ሆኖ ተብራርቷል።

ቅጹ የሚጀምረው በስም ነው። ኢትዮጵያዊ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም እንጂ «የቤተሰብ ስም» የለውም። ስለዚህ ዕድሜ ልካቸውን ከማሽላ ማሳቸው ርቀው የማያውቁት አያት ከልጅ ልጃቸው ቀድመው አሜሪካ ይገባሉ፤ ልጁም ከዚያ ወዲያ በእሳቸው ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1889 በመተማው ጦርነት ቆስለው ያረፉት፣ ከተማዋም በስማቸው የምትጠራው አፄ ዮሐንስ አራተኛ ቢያመለክቱ ኖሮ «የተከበሩ አቶ አራተኛ» የሚል መልስ በደረሳቸው ነበር።

ቀጥሎ የቋንቋ ማስረጃ ይመጣል። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ግን አመልካቹ በእንግሊዝኛ መፈተኑን እንጂ እንግሊዝኛ መቻሉን ስለማያሳይ፣ ብዙ ተቋማት ቶፍል የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ወይም አቻውን ይጠይቃሉ። የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛው ነቀዝ እንደገባው ማሽላ ስለሚቆጠር፣ ሌላ ክፍያ ተከፍሎበት እንደገና ይበጠራል።

ክፍያው በዶላር ነው። ለተማሪው የትምህርት ወጪውንና የዓመታት ቀለቡን ሊሸፍን የተዘጋጀው ዩኒቨርሲቲ፣ በሩን ለማንኳኳት ብቻ ብዙውን ጊዜ ከ75 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ድኻን ከክፍያ ነጻ የሚያደርግ ደንብም አለ፤ ደንቡ በአብዛኛው የሚሠራው ለአሜሪካ ዜጎችና ነዋሪዎች መሆኑ ብቻ ነው ጉድለቱ። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይኸው ክፍያ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አመልካቹም ስለ ሕዋስ ከማወቁ በፊት ስለ ምንዛሪ ሊቅ ይሆናል፤ ይህ ዕውቀት ግን በቅጹ ላይ ነጥብ አያሰጥም።

ከዚያ ሦስት የምስክርነት ደብዳቤ ይፈለጋል። ዓላማው አመልካቹን በቅርብ የሚያውቅ መምህር የልቡን እንዲመሰክር ነው። መምህሩ ግን በመቶ የሚቆጠር ተማሪ ያለው ነውና «አንተው ጻፈውና ላክልኝ፣ እፈርማለሁ» ይላል። አመልካቹ ለሦስት ሌሊት በሦስት የተለያዩ ሰዎች አንደበት ራሱን ያደንቃል፤ ሦስቱ ሰዎች አንድ ዓይነት የሰዋስው ስህተት መሥራታቸውን ግን አያስተውልም። ገምጋሚው በበኩሉ አመልካቹ ትሑት ሰው መሆኑን ከደብዳቤዎቹ ያነብባል።

የምርምር ልምድ የሚሞላበት ክፍል ለቆላው አመልካች ቀላሉ ይመስላል። በመተማ ቆላ ካላዛር ነባር በሽታ ነው። ተውሳኩን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ዋና ሰለባዋ ነው። የታማሚው ጣፊያ ያብጣል፣ ትኩሳቱ አይለቅም፣ የደም ሕዋሳቱ ቁጥር ያሽቆለቁላል፤ ነገሩ ከደም ካንሰር ጋር እስከ መምታታት ይደርሳል። ከመቅኒ ወይም ከጣፊያ የተቀዳን ናሙና በማይክሮስኮፕ እያየ ተውሳኩን ማክሮፌጅ ከተባለው የሰውነት ተከላካይ ሕዋስ ውስጥ ለይቶ የሚያወጣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ሕዋስን እንደ ጎረቤት መልክ የለመደ ሰው ነው። ቅጹ የሚጠይቀው ግን ክሪስፐር በተባለው የዘረ መል ማረሚያ ዘዴ መሥራቱንና ጽሑፍ ማሳተሙን ነው። የዓመታት ስላይድ «ሌላ» ከሚለው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይታጨቃል።

የሥርዓቱ ዘውድ የዓላማ መግለጫው ነው። በተለመደው አጻጻፍ አያት በካንሰር ይሞታሉ፤ ሕፃኑ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ በሽታውን ለመበቀል ይምላል። የመተማው አመልካች እዚህ ላይ ይቸገራል። አያቱ ሞተዋል፤ ነገር ግን የገደላቸው በሽታ ስም አላገኘም። ስም ለማግኘት ወደ ጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልግ ነበር። ለጨረር ሕክምና ደግሞ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ ወደነበረው ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ይኬድ ነበር። እሳቸው ቤታቸው «ሆዴን አመመኝ» እንዳሉ አረፉ። ምርመራ የሌለው ሞት ልብ አይነካምና፣ አመልካቹ ለአያቱ የሚስማማ ካንሰር ራሱ መርጦ ይሰጣቸዋል።

ማመልከቻው ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ኅዳር 22 ነው፤ በኒው ዮርክ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ በመተማ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ59። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እንደሆነው የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ቢዘጋም፣ የመዝጊያው ሰዓት ንቅንቅ አይልም።

በመጨረሻም፣ ከዚህ ሥርዓት አንዱንም ሳያሟላ የገባ ኢትዮጵያዊ መኖሩን መጥቀስ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኬሚስቱ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ቁጥቋጦ ሜይታንሲን የተባለ ካንሰር ገዳይ ውሕድ አወጡ። ውሕዱ በሰው ላይ ሲሞከር ጉዳቱ በዛ። ሆኖም «እናዝናለን» የሚል ደብዳቤ አልደረሰውም፤ ታገሡት። ተዋጽኦው የካንሰሩን ሕዋስ ከሚለይ አንቲቦዲ ጋር ተጣምሮ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ለጡት ካንሰር መድኃኒትነት ጸደቀ። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ቀዳሚው ካንሰር ነው። ቁጥቋጦው ቶፍል አልወሰደም፣ ዶላር አልከፈለም፣ የቤተሰብ ስሙንም የጠየቀው አልነበረም።