ጥፋትህን በአርማታ ሥራ

ቆቦ ላይ ቤት ልትሠራ አስበህ ከሆነ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልብህን አደንድን፤ ቀጥሎ ፌሮ ግዛ። ፈቃዱ ይደርሳል።

ሕግ ሳያውቅ ገባ እንዳትባል ግን አጠር አድርጌ ልንገርህ። የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ይባላል፤ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች እንዲሠራ የወጣ ነው። ቆቦ በ1999ኙ ቆጠራ ከ24 ሺህ በላይ ሰው ነበራት፤ መስፈርቱን ከሁለት እጥፍ በላይ አልፋለች ማለት ነው። አዋጁ ሕንፃን በሦስት ምድብ ይከፍላል፤ የሕንፃ ሹም እንዲሰየም ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ግንባታ አይጀመርም፣ ቁፋሮው የጎረቤትን ቤት የሚያሰጋ ከሆነ አስቀድሞ መከላከያ ይሠራ ይላል፤ የሹሙ ውሳኔ ያልጣመው ሰው ይግባኝ የሚልበት ቦርድ እንኳ አለው። ያማረ አዋጅ ነው። የማያውቀው ነገር ቢኖር ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ቢሮ ሲቆለፍ አሸዋና ጠጠር ይራገፋል። ቅዳሜ ሌሊት በባትሪ መብራት ይቆፈራል። እሁድ፣ ሰው ቤተ ክርስቲያንና ሰርግ ላይ እያለ፣ አርማታ ይሞላል። ሰኞ ጠዋት ደንብ አስከባሪው ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሲመጣ ኮለኑ ተሰልፎ ይቀበለዋል።

«ይሄ መቼ ቆመ?»

«ኧረ የቆየ ነው!»

«ፈቃድስ?»

«በሂደት ላይ ነው።»

በሂደት ላይ ከሆነማ ምን ይደረጋል? አንደኛ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ሁለተኛው እስኪጻፍ ሶሌታው ይሞላል። ሦስተኛው ሲደርስ ምድር ቤቱ ተከራይቶ የስልክ ካርድና ዘይት ይሸጥበታል፤ ወረቀቱን የሚቀበለውም ተከራዩ ነው። ከዚያ በኋላ ኮሚቴ ተቀምጦ ያለቀን ሕንፃ ማፍረስ የአገር ሀብት ማባከን እንደሆነ በቁጭት ይወያያል። ሰነድ አልባ ይዞታ ከከተማው ፕላን ጋር ከተጣጣመ በሊዝ የሚስተናገድበት በር ደግሞ በሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ተከፍቷል። በሩ የታሰበው መግቢያ ላጣ ደሃ ይመስል ነበር፤ ቀድሞ የደረሰው ግን ባለ ፎቁ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፈቃድ ጠይቆ የተቀመጠው ሞኝ ጎረቤትህ ካርታውን በፕላስቲክ አሽጎ «የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው» እየተባለ ይመላለሳል። ሲሚንቶው ግን አይጠብቀውም፤ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ይሆናል።

ደንብ ማስከበር ሰነፍ ነው የሚል ሐሜተኛ ካለ ግን ፊት ለፊት እከራከረዋለሁ። ሲቀልጠፍ አላየህማ! አንዲት ባልቴት ናቸው እንበል። ግንቦት ላይ፣ የቆላው ፀሐይ ቆርቆሮውን ምጣድ ሲያደርገው፣ ቤት ውስጥ እንጀራ መጋገር አቃታቸው። ግቢያቸው ውስጥ አራት እንጨት ተከሉ፤ ዙሪያውን በማሽላ አገዳ፣ ላዩን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈኑና ማድ ቤት አሉት። ያኔ ሦስት ደንብ አስከባሪዎች በዚያው ዕለት ይደርሳሉ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ የሚባል ወግ የለም። ከምሳ በፊት ፈርሶ ያልቃል፤ አገዳውን የጎረቤት አህያ ትበላዋለች።

ምክንያቱን ስታስበው አትፈርድባቸውም። አርማታ ለማፍረስ ኤክስካቫተር ያስፈልጋል፤ ኤክስካቫተር ነዳጅ ይጠጣል፤ ነዳጅ በጀት ይፈልጋል፤ በጀት ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ደብዳቤው ላይ የሚፈርመው ሰው ደግሞ፣ እንደነገርኩህ፣ ስብሰባ ላይ ነው። አገዳ በእጅ ይነቀላል። ሕጉ የክንዱን ያህል ይሠራል፤ ስለዚህ ካጠፋህ አይቀር ጥፋትህን በ12 ፌሮ እሰረው። ለማፍረስ በጀት አይጠፋም የምትለኝ አዲስ አበባን አይተህ ከሆነ፣ እሱ ሌላ ዓለም ነው፤ እዚያ ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስም ካርታ ያለው ቤት ሳይቀር ፈርሷል።

አቤቱታውም ቢሆን የራሱ ጥበብ አለው። ከመኝታ ቤትህ ግድግዳ ጋር የተለጠፈ ብየዳ ቤት ሌሊቱን ብረት ይቆርጣል እንበል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታና በጩኸት ጎረቤቱን ከልክ በላይ እንዳያውክ ይከለክላል። ይህን ይዘህ ስትሄድ «በጽሑፍ አምጣ» ትባላለህ። በጽሑፍ ስታመጣ ድምፅ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ይሆናል። አካባቢ ጥበቃ «ፈቃድ የሰጠው ንግድ ነው» ይልሃል። ንግድ ወደ ቀበሌ ይመራሃል። ቀበሌ «አብሽር፣ በሽማግሌ ይለቅ» ይላል። ዘወልድን የሚያህል፣ ደም የተቃቡትን አስታርቆ የሚያስማማ ሥርዓት ያላቸው የራያ ሽማግሎች ዛሬ የግራይንደር ጩኸትና የአሸንዳ ውሃ ሊዳኙ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ግራና ቀኙን ሰምተው፣ መርቀው፣ «ይሄማ ወረቀት ያለው ነገር ነው፤ መንግሥት ይወስን» ብለው ያሰናብቱሃል።

ቂም ካለህ ግን ሥራው ይቀላል። በዶሮ ወይም በሰርግ ጥሪ የተቀየምከው ደሃ ጎረቤት ካለ፣ የሽንት ቤቱ ግድግዳ ወሰን ገፍቷል ብለህ ጠቁም። ሜትር ይዘው የሚመጡት ሻይህን ሳትጨርስ ነው።

በነገራችን ላይ ደንብ አስከባሪውን ብቻ አታማብኝ። በ2013ም በ2014ም ጦርነት በገባባት ከተማ፣ መኪና ሳይኖረው፣ ወር በማትደርስ ደሞዝ በእግሩ የሚዞር ልጅ ነው። ባለ ፎቁ ለአለቃው ስልክ ሲደውል እሱ አጠገቡ ቆሟል። የሚከራያት ክፍል ካርታ እንዳላት ብትጠይቀው፣ እሷም በሂደት ላይ ናት።

አንድ ምክር ቀርቶኛል፤ የአጥርህን ቦታ በጥንቃቄ ምረጥ። ቆቦ ከምዕራቡ ተራራ ግርጌ የተኛች ሜዳ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሆርማት ወንዝና ጓደኞቹ የደጋውን ዝናብ ተሸክመው ይወርዳሉ። ገበሬው ያን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ሲያጠጣበት ኖሯል፤ የውሃው መንገድ የት እንደሆነ ከፕላኑ ወረቀት ይልቅ እሱ ያውቃል። አንተ ግን ቦዩ ላይ ሥራ። ቦይ ባለቤት የለው፣ ካርታ የለው፣ አይከስህም። ጎርፉ ቅዳሜ ማታም ይሠራል፤ ማስጠንቀቂያ አይጽፍም፤ የብሎኬት አጥርህ ሲገጥመው ግን እንደ ባልደረቦቹ አክብሮህ ዞር ይላልና በባልቴቷ የጭቃ ግድግዳ ይገባል። በማግስቱ አቤት ሊሉ ማዘጋጃ ቤት ቢሄዱ የሚጠብቃቸው ጥያቄ ተዘጋጅቷል፦ «እማማ፣ ግድግዳውን ለማደስ ፈቃድ አለዎት?»