የአሸንዳ ልጃገረድ ኃይል በክፍል ሁለት፦ ከመቐለ የተገኘ ጥናት

ልዩ ኃይል ስላላት ልጃገረድ የሚጻፍ ምናባዊ ልብወለድ ዋና ፈተናው ክፍል ሁለት ነው። በክፍል አንድ ልጅቷ ኃይል እንዳላት ትደርስበታለች፤ ይህ ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይሞላል። በክፍል ሁለት ግን በኃይሉ ምን እንደምትሠራበት መታየት አለበት። ትውልደ ናይጄሪያዊቷ ቶሚ አዴየሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው ተከታይ መጽሐፍ ያገኘችው መላ፣ ጀግናዋ ዜሊ መልሳ ያመጣችውን አስማት ለጠላቶቿም ማዳረስ ነበር። በአገራችንም ኢታን ኮሚክስ “ሃዊ” የምትባል ጀግና በሥዕላዊ መጽሐፍ አቅርቧል። ይህ ጥናት የሚመለከታት ጀግና ደራሲም አሳታሚም የላትም። የልጃገረዶች በዓል የሆነው አሸንዳ በሚጀምርበት በነሐሴ 16 ቀን ጠዋት መቐለ፣ ሮማናት አደባባይ ላይ ትገኛለች፤ ጥልፊ ቀሚስ ለብሳለች፤ የምትገኘውም ብቻዋን አይደለም።

ስለ ኃይል ስናወራ ከሚለካው መጀመር ደንብ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በጥቅምት 2006 ሲመረቅ 84 ተርባይኖችና 120 ሜጋ ዋት አቅም ነበረው። የተከዜ ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር፣ አቅሙ 300 ሜጋ ዋት ነው። ሁለቱም አመል አላቸው፤ አንዱ ነፋስ ካልመጣ፣ ሌላው ውሃ ካልሞላ አይሠሩም። ልጅቷ የምትፈልገው ከበሮ፣ ወገቧ ላይ የምታስረው ረጅም የአሸንዳ ሣርና ጥቂት ጓደኞች ነው። ከዚህ በላይ መሐንዲሶችን ሊያስጨንቅ የሚገባው የነዳጁ ጉዳይ ነው። በዓሉ የሚጀምረው የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ቀን ነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሽሮ የቆየ ሞተር ከጠዋት እስከ ማታ፣ ለቀናት፣ ሳይግል እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ቀመር አላገኘንም።

በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል የሚባሉት እህት በዓላትም ይህንኑ ኃይል ያሳያሉ። ማን ከማን ወሰደ በሚለው ክርክር ጥናቱ አይገባም፤ ክርክሩ በራሱ በቂ ሙቀት ያመነጫል።

ልጃገረዶቹ መንገደኛን ከበው እየዘፈኑ ገንዘብ ይጠይቃሉና፣ የኃይሉ ውጤት በደንብ የሚታየው የሸሚዝ ኪስ ያለው ወንድ ላይ ነው። ሌላ ቀን በጥሩምባ ሰው የሚያስበረግግ የባጃጅ ሾፌር አምስት ልጆች ከፊቱ ቆመው “ሓወይ” (ወንድሜ) ሲሉት ሞተሩን ያጠፋል። እሱን የሚከለክል የትራፊክ ምልክት እዚያ ቦታ የለም። የተከበበ ወንድ ሦስት ዓይነት ጠባይ ያሳያል። አንዱ ወዲያው ኪሱ ይገባል፤ እሱ አባት ነው። ሌላው “ዝርዝር የለኝም” ይላል፤ ይህ መከላከያ ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ተዳክሟል። ሦስተኛው ያልጮኸ ስልክ አንስቶ ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ሦስተኛው ላይ የሚወርደው ግጥም ከሰጪው ላይ ከሚወርደው ሙገሳ በጥበብ የላቀ መሆኑን መግለጽ ተገቢ ነው፤ ሰውየው ስልኩን ይዞ እስኪያልፍ ድረስ ስለ ጫማው፣ ስለ አረማመዱና ስለ ወደፊት ሚስቱ በቂ መረጃ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ክፍል ሁለት። በክፍል አንድ ልጅቷ ከቡድኑ ኋላ ናት፤ ኩሏ እስከ ጉንጯ ወርዷል፣ ጭብጨባዋም ከከበሮው ግማሽ ምት ይዘገያል። በክፍል ሁለት ከበሮውን ይዛለች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ባለሱቅ ሁሉ ታውቃለች፦ ባለፈው ማን እንደሰጠ፣ ማን መዝጊያውን አውርዶ ከውስጥ እንደተነፈሰ። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ቅጂ፣ ቡና አፍዪ እያለ የሚያዛት ወንድሟ በዚያ ቀን በግንብ ጥግ ለጥግ ይሄዳል። ሕጉን የጻፈው ሰው የለም፤ ግን ሁሉም ያነበበው ይመስላል።

በመጻሕፍቱ ዓለም ተከታዩ ክፍል ሲዘገይ አንባቢ ደራሲውን ያማርራል። በመቐለም መዘግየት ነበር። 2012 ላይ ኮሮና፣ 2013 እና 2014 ላይ ጦርነት። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ውጊያው ዳግም ሲጀመር የአሸንዳ ሦስተኛ ቀን ነበር። ከተማዋ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር እንደገና የተገናኘችው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ ኅዳር 2015 ነው፤ አደባባዩ በልጃገረዶች የሞላው ነሐሴ 2015 ላይ። በ2011 ከኋላ ሆና ታጨበጭብ የነበረች የ7 ዓመት ልጅ ክፍል ሁለት ሲወጣላት 11 ዓመቷ ነበር፤ ያኔ የተሰፋላት ቀሚስ ታናሽ እህቷ ላይ ተገኘ። ከበሮውን ማንም ሳያስተምራት መምታቷን ጥናቱ ሊያብራራው አልቻለም፤ ለማብራራትም አልሞከረም።

ጠላት የኃይሉ ተካፋይ ይሆናል የሚለው የአዴየሚ መላ ግን እዚህም ሠርቷል። በዓሉ ሲመለስ መድረክ፣ ስፖንሰርና ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ሞንታርቦ አብረውት ብቅ ብቅ ማለት ያዙ። መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ልጃገረዶቹን ፀሐይ ላይ አቁሞ ስለ ልጃገረዶች ነፃነት ረጅም ንግግር ያደርጋል። እኔ በበኩሌ ንግግሩን አልቃወምም፤ ለከበሮ መቺዎች እረፍት ይሰጣል። የሁለቱን ኃይል ልዩነት ለማየት ግን መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ይበቃል፤ መቐለ ላይ ይህ ረጅም ትዕግሥት አይጠይቅም። ሞንታርቦው ዝም ይላል፣ ተናጋሪው ማይክሮፎኑን በጣቱ ይመታል። ልጃገረዶቹ መብራት መጥፋቱን የሚሰሙት ማታ ቤት ሲገቡ ነው።

ሳይመለስ የቀረው ጥያቄ የክምችት ነው። ይህ ሁሉ ኃይል በዓሉ ሲያልቅ የት ይቀመጣል? ባትሪ አልተገኘም። ጥናቱ ያገኘው ጀሪካን፣ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ የቤት ሥራ ደብተርና ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ የሚል ዘመድ ብቻ ነው። ኃይሉ አይጠራቀምም ማለት ነው፤ በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ይውላል፣ ከበሮ ስለሌለው ብቻ ቆጣሪ አያነበውም።

የመስክ ሥራው በጀት በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ አልቋል። ለሒሳብ ማወራረጃ እንዲሆን ለወጣው ገንዘብ ደረሰኝ ቢጠየቅ፣ የቡድኑ መሪ መልስ ሳትሰጥ ከበሮዋን ሁለት ጊዜ መታች። ከጎን ካለው መንገድ ሌሎች ስድስት ልጆች መጡ።