የጀሪካን ማዕረግ በደመና ሥር

ሊቃውንት ስለ ከዋክብት አካሄድ፣ ስለ ዓባይ ምንጭና ስለ ነገሥታት የትውልድ ሐረግ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ዓይናቸው እስኪፈዝ ድረስ ሲጽፉ ኖረው ሳለ፣ በየመንደራችን ጥግ ቆሞ የሚውለው ቢጫ ጀሪካን ከኋላው ጥቁር ደመና ተነሥቶለት ፎቶግራፍ በተነሣ ጊዜ ከምን ማዕረግ እንደሚደርስ የሚያስረዳ አንድ ድርሳን እንኳ ሳይተዉልን ማለፋቸው ለትውልዱ ታላቅ ጉዳት መሆኑን ማንም አስተዋይ አይክደውም። ይህን ጉድለት በመጠኑ ለመሙላት ስል፣ በአዲስ አበባ ክረምት፣ ጃንጥላዬን በአንድ እጄ፣ የፎቶግራፍ መሣሪያዬን በሌላው ይዤ፣ ጭቃ ላይ በጉልበቴ እየወደቅሁ ያካሄድሁትን ምርምር ለአንባብያን በትሕትና አቀርባለሁ።

የሚመረመረው ግብር ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መወሰን ይገባል። አንድ ሰው መንገዱን ሲሄድ ድንገት ይቆማል፤ ወደ ሰማይ ያያል፤ ቀጥሎ ወደ ምድር ያያል፤ በሁለቱ መካከል ማንም ልብ ብሎት የማያውቅ አንድ ተራ ዕቃ ፈልጎ ካገኘ በኋላ ይንበረከካል። ይህን ያየ መንገደኛ ሰውዬው ስለት አለበት ወይም ሳንቲም ጠፍቶበታል ብሎ ይገምታል፤ ሁለቱም ግምቶች ከእውነት እጅግ የራቁ አይደሉም።

ለዚህ ግብር የሚመረጡት ዕቃዎች እንደ ቤተ ክህነት አገልጋዮች የየራሳቸው ማዕረግ አላቸው። በዲቁና ደረጃ የሚገኘው የሊስትሮ ሣጥን ነው፤ ቁመቱ አጭር በመሆኑ አንሺውን ፈጽሞ በሆዱ ያስተኛዋል። በቅስና ማዕረግ ያለው በጎሚስታ ደጃፍ ምልክት ሆኖ የሚቆመው አሮጌ ጎማ ነው፤ መካከሉ ባዶ ስለ ሆነ ደመናው በውስጡ አልፎ ይታያልና፣ ጎማው አየር አጥቶ ከሥራ ከተሰናበተ በኋላ ሰማይን የማቀፍ ጸጋ ይሰጠዋል። ከዚህ በላይ የባሕር ዛፍ የመብራት ምሰሶ አለ፤ እርሱም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ከተማዋ የገባ የአውስትራልያ ዛፍ ወገን ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ የሰፈሩን ሽቦ ሁሉ ተሸክሞ እንደ ሸመገለ መምህር ዘንበል ብሎ ስለሚቆም የቁምስና ማዕረግ አይነፈገውም። የጵጵስናውን መንበር የያዘው ግን ጀሪካን ነው።

የጀሪካንን የትውልድ ሐረግ ለመረመረ ሰው ይህ ሹመት አያስደንቀውም። አያቱ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት የጀርመን ጦር ለነዳጅ መያዣ ያሠራው፣ 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ሲሆን፣ ሦስት እጀታ የተደረገለትም አንድ ወታደር ሁለት ባዶ ጀሪካን በአንድ እጁ እንዲያንጠለጥል፣ ሁለት ወታደሮች ደግሞ አንዱን ሙሉ ተጋግዘው እንዲሸከሙ ታስቦ ነው። እንግሊዞች በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖችን በሽሙጥ «ጄሪ» እያሉ ይጠሩ ስለ ነበር፣ ከጠላት የማረኩትን ዕቃ «የጄሪ ጣሳ» አሉት፤ ስለዚህ ጀሪካን በጥምቀት ስሙ የሽሙጥ ልጅ ነውና የዚህ ጽሑፍ ርእስ ለመሆን ከማንም ይልቅ የተገባው ነው። በኋላ ብረቱ ወደ ፕላስቲክ፣ ነዳጁም ወደ ምግብ ዘይት ተለውጦ፣ ዘይቱ ሲያልቅ ውኃ እየተቀዳበት በየቤታችን የኖረው ይህ ዕቃ ከሁሉ በላይ የሚለየው በቢጫ ልብሱ ነው፤ ከሐምሌ ደመና ጥቁረት ፊት በቆመ ጊዜ ከጠረጴዛ ሥር የወጣ መሆኑ ይረሳና፣ ለበዓል ካባ የደረበ ይመስላል።

ከዕቃው ወደ ሰማዩ እንለፍ። አበው ሰባቱን ሰማያት ጽርሐ አርያም፣ መንበረ መንግሥት፣ ሰማይ ውዱድ፣ ኢየሩሳሌም ሰማያዊት፣ ኢዮር፣ ራማና ኤረር ብለው ቈጥረዋል። ፎቶግራፍ አንሺው በሰባቱም ዘንድ ጉዳይ የለውም፤ የእርሱ ጉዳይ ከሁሉ በታች ካለው፣ በጠፈርና በቆርቆሮ ጣሪያ መካከል ከሚመላለሰው ደመና ጋር ብቻ ነው። ይህንንም ደመና እ.ኤ.አ. በ1802 ሉክ ሃዋርድ የተባለ፣ በሎንዶን መድኃኒት እየቀመመ የሚተዳደር ሰው በላቲን ስም ስለ ለየው፣ በክረምት ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ ጫፍ ላይ እንደ ተራራ የሚከመረው ደመና ዛሬ በዓለም ሁሉ ኩሙሎኒምበስ ይባላል፤ የእኛ ሰው ግን ልብስ ካሰጣበት ገመድ ሥር ቆሞ «መጣ!» ብቻ ይለዋል።

ሰማይን በፎቶግራፍ መያዝ በቀላሉ የተገኘ ጥበብ አይደለም። ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ ለዓለም ከተገለጠ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በመስተዋቱ ላይ የሚቀባው መድኃኒት ሰማያዊውን ብርሃን ከመጠን አልፎ ይቀበል ስለ ነበር፣ ምድሩ ገና በወጉ ሳይታይ ሰማዩ ተቃጥሎ ነጭ ሆኖ ይቀር ነበር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ ግን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አጋማሽ ባሕሩን በአንድ መስተዋት፣ ሰማዩን በሌላ መስተዋት አንሥቶ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አጋባቸው፤ በዚህም የተነሣ፣ ዛሬ በስልካቸው የሌላ ቀን ደመና አምጥተው የሚለጥፉ ወጣቶች አዲስ ኃጢአት እንደ ሠሩ ተቆጥረው መወቀሳቸው አግባብ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ከ160 ዓመት በላይ የቆየ ትውፊት ጠባቂዎች መሆናቸውን እንረዳለን። ከእርሱ በኋላ የተነሣው አሜሪካዊ አልፍሬድ ስቲግሊትስ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ደመናን እያነሣ፣ ቆይቶም ሥዕሎቹን «አቻዎች» ብሎ ሰየማቸው፤ ደመናው የልቤ ስሜት አቻ ነው ማለቱ ነው። ምድሩን እርግፍ አድርጎ ትቶ ደመናን ብቻ ማንሣቱ ከዓለም እንደ ወጣ መናኝ ስለሚያስቆጥረው ብናከብረውም፣ ጀሪካን የለበትምና ሥራው ለጥናታችን ብዙ አይጠቅምም።

ስለ አንሺው የሰውነት አቋቋም ብዙ የሚባል አለ። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ሮድቼንኮ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ የዘመኑ ሰዎች መሣሪያቸውን እምብርታቸው ላይ አሳርፈው ማንሣታቸውን አጥብቆ በመንቀፍ፣ ዓለምን ከታች ወደ ላይ ወይም ከላይ ወደ ታች ማየት ይገባል ብሎ አስተምሯል። ይህ ትምህርት በአገራችን ሲፈጸም ሦስት ደረጃ እንዳለው ለማየት ችያለሁ፤ ለምሰሶ ወገብን ማጉበጥ ይበቃል፤ ለጀሪካን አስተብርኮ ያሻል፤ ለሊስትሮ ሣጥን ግን ግንባር መሬት እስኪነካ መስገድ ግድ ነው። ከዚህ የሚገኘውም ምሥጢር፣ ዕቃው ባነሰ መጠን ሰውየው ይበልጥ ዝቅ ማለቱ፣ ሰውየውም ዝቅ ባለ መጠን ዕቃው ከፍ ማለቱ ነው፤ ለባለሥልጣን ጎንበስ ሲሉ የኖሩ ሰዎች ይህን የጨረር ሕግ ያለ መምህር እንደሚረዱት አልጠራጠርም።

መሣሪያውም የራሱ ፈተና አለበት፤ ለሁለት ጌቶች መገዛት አይሆንለትም። ብርሃኑን በሰማዩ ልክ ቢመጥኑት ጀሪካኑ ከል የለበሰ ይመስላል፤ በጀሪካኑ ልክ ቢመጥኑት ደመናው ታጥቦ እንደ ነጠላ ይነጣል። ለዚህ መድኃኒት የሚሆነው አንድም ከፊት ሆኖ በፍላሽ ማብራት፣ አንድም ሰማዩ ጠርቶ ነጭ ደመና በተንሳፈፈበት ቀን ሌንሱ ላይ ማጣሪያ መስተዋት መግጠም ነው። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1927 በዮሰሚቲ የሚገኘውን ሃፍ ዶም የተባለ ገደል ሲያነሣ፣ ቀይ መስተዋት ጋርዶ የቀኑን ሰማይ እንደ ሌሊት አጥቁሮታል። በቀለም ለሚያነሣ ሰው ደግሞ ብርሃንን የሚያጣራ ሌላ መስተዋት አለ፤ ኃይሉ የሚበረታውም ከፀሐይ በ90 ዲግሪ ርቆ ባለው የሰማይ ክፍል ስለ ሆነ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ስትደርስ የሚጠቁረው በአድማስ ዙሪያ ያለው ሰማይ ነው። ጀሪካንም በተፈጥሮው ለአድማስ ቅርብ ነው።

ተቃዋሚ የሌለው ትምህርት የለምና፣ የዚህም ትምህርት ተቃዋሚዎች ቤርንድና ሂላ ቤሸር የተባሉ ጀርመናውያን ባልና ሚስት ናቸው። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የውኃ ማማዎችን፣ የብረት ማቅለጫ ምድጃዎችንና የከሰል ማውጫ ግንቦችን፣ ሰማዩ እንደ አመድ ዳምኖ ጥላ በጠፋበት ቀን ብቻ፣ ከፊት ለፊት፣ ያለ አንዳች ጌጥ ሲያነሡ ኖረዋል፤ ሐሳባቸውም ዕቃው ራሱ ይናገር እንጂ ሰማዩ አይናገርለት የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በቬኒስ ታላቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ወርቃማው አንበሳ ሲሸለሙ፣ ሽልማቱ የተሰጣቸው በቅርጻ ቅርጽ ዘርፍ ነው። ዕቃን ያለ ደመና የሚያነሣ ሰው ፎቶግራፍ አንሺነቱ እስከዚህ ድረስ ሊያጠራጥር እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ጀሪካን በደመና ፊት ቆሞ የሚታይበት ሥዕል ምን ማለት እንደ ሆነ በአገራችን የትርጓሜ ሥርዐት እንደሚከተለው ይፈታል። ጀሪካን የተባለ የሰው ልጅ ነው፤ ደመና የተባለ መከራ ነው። አንድም፣ ጀሪካን ጥማት፣ ደመና ተስፋ ነው። አንድም፣ ጀሪካን ሥጋ፣ ደመና ነፍስ ሆነው ሳይገናኙ ሲተያዩ ይኖራሉ። አንድም፣ አንሺው ሌላ የሚያነሣው አጥቶ ነው። መምህራን የመጨረሻውን አይቀበሉትም።

እነዚህን ሁሉ ካጠናቀርሁ በኋላ የቀረኝ ነገር ንድፈ ሐሳቡን በተግባር መፈተን ነበረና፣ በሐምሌ ወር አንድ ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በከተማው ዳር ባለ አንድ መንደር በቦኖ ውኃ አጠገብ ስደርስ፣ ወደ ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ጀሪካኖች በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ ከኋላቸውም እስካሁን ከገለጽሁት ሁሉ የሚበልጥ ደመና ተነሥቶ አገኘሁ። ከቦኖው ውኃ አይወርድም ነበር፤ ሰውም በአካባቢው አይታይም። ከፊት ስድስተኛው ጀሪካን ክዳኑ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተተካ፣ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ በእውነት ለመንበሩ የተገባ ነበርና፣ ለብቻው ከደመናው ጋር እንዲተያይ አንሥቼ ወደ አንድ ጉብታ ወሰድሁት። ገና ጉልበቴን ሳላጥፍ ከአንድ ቤት ደጃፍ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«ጋሼ! ወዴት ሊወስዱኝ ነው?»

ዘወር ብዬ አየሁ፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች እናት ወደ እኔ ትመጣለች።

«እኅቴ፣ እኔ እርስዎን መቼ ነካሁ? ያነሣሁት ጀሪካን ነው» አልሁ።

«እሱ'ኮ እኔ ነኝ» አለችኝ፤ «ስድስተኛ ነኝ። ከሌሊት ጀምሮ ቆሜያለሁ።»

ተራ ዕቃ መሆኑን፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደምፈልገውና ወዲያው እንደምመልሰው ላስረዳት ሞከርሁ።

«እኔስ ምን አልሁ? የተራ ዕቃ ነው» ብላ፣ ጀሪካኑን ከእጄ ተቀብላ ወደ ስፍራው መለሰችው።

በዚያች ሰዓት፣ «ተራ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ሁለት መሆኑን፣ እኔ ማንም ልብ የማይለው ርካሽ ነገር ማለቴ እንደ ሆነ ሁሉ፣ እርሷ ደግሞ ከአምስት ሰው በኋላ፣ ከዘጠኝ ሰው በፊት ያለውን፣ በሌሊት ተነሥታ ያገኘችውን የማይደፈር ስፍራ ማለቷ መሆኑን፣ ጀሪካንም በቦኖ ዘንድ የባለቤቱ እንደራሴ እንጂ ዕቃ አለመሆኑን ተረዳሁ። ምርምሬ በጠቅላላው የቆመው በአንዲት ቃል ግማሽ ትርጉም ላይ ነበር።

ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ግን እርሷ እኔን ትታ ደመናውን ታየው ነበር። እኔ ሩብ ሰዓት ሙሉ አይቼው ሦስት ትርጓሜ ያወጣሁለትን ደመና እርሷ በአንድ አፍታ አነበበችውና፣ ስድስተኛነቷን በፈቃዷ ለቅቃ፣ ጀሪካኑን አንጠልጥላ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ የቆረቆንዳውን ክዳን ነቅላ በቆርቆሮው አሸንዳ ሥር ደቀነችው። ሌሎችም ሴቶችና ልጆች ከየቤቱ ወጥተው እንዲሁ ስላደረጉ፣ ሰልፉ ወዲያው ፈረሰ። ዝናቡ ወረደ። እኔም በደጃፏ ተጠልዬ፣ የመጀመሪያው ውኃ የባዶውን ጀሪካን ሆድ ሲመታ የሚሰማውን የከበሮ ድምፅ፣ እየሞላ ሲሄድም ድምፁ እየቀጠነ ሲያልቅ አደመጥሁ። በደመናና በጀሪካን መካከል ያለውን ዝምድና አጠናለሁ ብዬ ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ስንበረከክ፣ ዝምድናቸው ውኃ መሆኑን ከእኔ በስተቀር የማያውቅ አልነበረም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ሴትዮዋ ጀሪካኑን ከደነችና እኔንም መሣሪያዬንም በየተራ አየች።

«ማንሣት ከወደዱ ጋሼ፣ አሁን ሞልቷል» አለችኝ፤ «ወደ ውስጥ ያንሡልኝ።»

ካሜራዬን በአንገቴ አንጠልጥዬ፣ ወገቤን አጉብጬ አነሣሁት። 20 ኪሎ ነው።