ፍሪጁ እንዴት አደረ?

ሜሪላንድ ውስጥ በአበሻ ሠርግ ላይ «ሥራህ ምንድነው?» የተባለ ሰው «ኡበር እነዳለሁ» ካለ ወሬው ወደ ቤንዚን ዋጋ ይሄዳል። «ነርስ ነኝ» ካለ ሦስት ሰው ደም ግፊቱን ይነግረዋል። እኔ «የኳንተም ኮምፒውተር ተመራማሪ» ስል ጠረጴዛው ጸጥ ይላል፤ ከዚያ አንዱ ላፕቶፑ እንደቀረፈፈበት ያነሳል።

ባለፈው ላስረዳ ቆርጬ ተነሣሁ። የተለመደው ኮምፒውተር ዜሮ ወይ አንድ ነው የሚይዘው፤ የእኛዋ ኪውቢት ግን እስክትለካ ድረስ ሁለቱንም አጣምራ ትይዛለች አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ አገር ቤት ጠበቃ ነበሩ። «እንዲህ ያለ ምስክር አውቃለሁ» አሉ። ከብዙ መማሪያ መጽሐፍ የተሻለ ማብራሪያ ነው።

«የባንክ ሚስጥር ትሰብራላችሁ የሚባለውስ?» ቀጠሉ። ሚስጥር ከሚቆለፍባቸው መንገዶች አንዱ ለመበተን የሚያስቸግር ትልቅ ቁጥር ነው። ስጋቱ የመጣው ከሒሳብ ሊቁ ፒተር ሾር ነው፤ ትልቅ ቁጥርን ወደ አካፋዮቹ መበተን ለኳንተም ኮምፒውተር እንደሚቀለው በ1994 አሳየ። በ2001 የአይቢኤም ተመራማሪዎች በሰባት ኪውቢት ሞክረው 15 ማለት ሦስት ጊዜ አምስት መሆኑን አረጋገጡ።

«እሱንማ የልጅ ልጄም ያውቃል!»

የሚስጥር ቁልፉ ቁጥር ግን 617 አሃዝ ሊኖረው ይችላል። እሱን ለመስበር በ2019 ሃያ ሚሊዮን ኪውቢት ያስፈልጋል ተባለ፣ በ2025 ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በታች ይበቃል ተባለ። እኛ ቤት ያሉት በጣት ይቆጠራሉ። ጋሼ ረጋ ብለው፣ «ቀጠሮ ማራዘም እኮ የኛ ሙያ ነበር» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ውሎዬ ከኪውቢት ይልቅ ከፍሪጅ ጋር ነው። ኪውቢቶቹን የምናስቀምጥበት ፍሪጅ ከፍጹም ዜሮ በላይ የአንድ ዲግሪ መቶኛ ያህል ብቻ ነው የሚሞቀው። ጠፈር በዚሁ ልኬት 2.7 ዲግሪ ስለሆነ ከፍሪጁ ጋር ሲተያይ ዳሎል ነው። ፍሪጁን የሚያቀዘቅዘው የሁለት ዓይነት ሂሊየም ቅልቅል ሲሆን፣ አንደኛው፣ ሂሊየም 3፣ በአብዛኛው የሚገኘው ለኑክሌር መሣሪያ ከተቀመጠ ትሪቲየም ነው። ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ሌሊት የሚያባንነኝ የተፈጥሮ ምሥጢር ሳይሆን የቱቦ መፍሰስ ነው፤ ፍሪጁ አንዴ ከሞቀ መልሶ እስኪቀዘቅዝ ቀናት ይፈጃል። ይህ ሁሉ ተደርጎላትም የኛዋ ኪውቢት የያዘችውን ለሰከንድ ሺኛ እንኳ አታቆየውም። ትንሽ ሙቀት ወይም ከሰማይ የመጣ ቅንጣት ነካ ካደረጋት፣ በቃ፣ ረሳችው።

ይህን ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ከደሴ ስትደውል መጀመሪያ «ፍሪጁ እንዴት አደረ?» ትላለች፤ እኔ ቀጥዬ እጠየቃለሁ። ለጎረቤትም «ልጄ አሜሪካ ፍሪጅ ላይ ነው» ብላ አስወርታለች። በቀደም አንዲት ጎረቤቷ አልቀዘቅዝ ያላትን ፍሪጅ ፎቶ ላከችልኝ። ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጊው፣ ከጀርባው ያለውን አቧራ አራግፊ አልኳት። ሠራላት። የምርምር ውጤቴ በዚያው ቀን ተረጋግጦ አያውቅም ነበር። ሴትየዋ ስልኬን ለሰፈሩ አድላለች፤ ትናንት የልብስ ማጠቢያ ፎቶ መጣ።