ስፕሪንት ትራያትሎን በሲኒማ ራስ፦ ቅድመ ጥናት

ስፕሪንት ትራያትሎን 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ያለ ዕረፍት ተከታትለው የሚካሄዱበት ውድድር ነው። የስፖርቱ ታሪክ ጸሐፊዎች የትራያትሎንን ትውልድ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንዲያጎ ያደርጉታል፤ 46 ሰዎች የመጀመሪያውን ውድድር ያደረጉት እዚያ ነው ይላሉ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር፤ ማለትም አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱ በ13ኛው ቀን። አዲስ አበባ በዚያ ሰሞን ሌላ ጉዳይ ስለያዛት ዜናውን ልብ ሳትለው ቀረች። የዚህ ጥናት አቋም ግን ሳንዲያጎዎች ስፖርቱን ስም አወጡለት እንጂ አልፈጠሩትም የሚል ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ ሥር ነቅሎ ወደ ምዕራብ ካዛወረ ጀምሮ መርካቶ ውስጥ ሰው ዕቃ ሊገዛ በሄደ ቁጥር ሲካሄድ ኖሯል። ለናሙና የተመረጠው ሲኒማ ራስ ነው፤ ታክሲው፣ ሰዉ፣ ሸቀጡና ዝናቡ አንድ ላይ የሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ።

በቅድሚያ የሀገራችንን አቅም መመልከት ይገባል። በሩጫው ክርክር የለም፤ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከገባ ወዲህ ጉዳዩ ተዘግቷል። በብስክሌቱም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956ቱ ሜልቦርን እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የሚያስቸግረው ውሃው ነው። በዚያው በ2016 ዋናተኛችን ሮቤል ኪሮስ ሪዮ ላይ 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 መቶኛ ሰከንድ ጨረሰ፤ ዓለምም ብዙ አወራበት። አጥኚው የሚያነሣው አንድ የአሠራር ተቃውሞ ብቻ ነው። ያ ገንዳ ለአንድ ሰው አንድ መስመር የሰጠ ገንዳ ነው። እንዲህ ባለ ባዶ ቦታ የተለካ ሰዓት ስለ ኢትዮጵያዊ የዋና ችሎታ የሚነግረን ነገር የለም።

አማተር ማለት ለድካሙ የሚከፈለው ሳይሆን ለመድከም የሚከፍል ሰው ነው። በዚህ መለኪያ የጥናቱ ተሳታፊዎች፣ በተለይ በነሐሴና በጳጉሜን የልጆች ጫማና ደብተር ሊገዙ የሚመጡት ወላጆች፣ ንጹሕ አማተሮች ናቸው። በትራያትሎን አማተሮች የሚመደቡት በአምስት በአምስት ዓመት የዕድሜ ክልል ሲሆን ዕድሜያቸው ባታቸው ላይ በማርከር ይጻፋል። ሲኒማ ራስ ላይ ምድቡን የሚሰጡት በረንዳ ላይ የቆሙ ሻጮች ናቸው፤ የሚሰጡትም በቃል ነው። «ብራዘር» የተባለ ወጣት ምድብ ውስጥ ነው። «ጋሼ» መካከለኛ ነው። «ፋዘር» የተባለ ሰው የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ፊቱ ላይ ተነቦበታል። ለሴቶች ምድቡ ከ«እህቴ» ተነሥቶ በ«ማዘር» በኩል «እማማ» ላይ ያበቃል። ውሳኔው ይግባኝ የለውም፤ የልደት ካርድ ማሳየትም አይረዳም። አንድ ተወዳዳሪ ከጫማ ሻጩ እስከ ጃንጥላ ሻጩ ባለው አጭር ርቀት ከብራዘር ወደ ፋዘር ሲሸጋገር ታይቷል። በመካከሉ የተከሰተው ነገር ነፋስ ኮፍያውን ማንሣቱ ብቻ ነው።

ሲኒማ ራስ ላይ ውድድሩ የሚጀምረው በብስክሌት ነው። ብስክሌቱም ሚኒባስ ነው። ከጀሞ ወይም ከአያት የሚመጣ ሰው ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትሩን እንደሚሞላ አያጠራጥርም። ሚኒባስ ፔዳል የለውም የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ይህን የሚለው ሰው ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ አያውቅም። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል አራተኛው ተሳፋሪ የሚያገኘው መቀመጫ ለአንድ ጎኑ ብቻ የሚበቃ ስለሆነ የሌላው ጎን እግር ከሜክሲኮ እስከ ተክለ ሃይማኖት ወለሉን ሲገፋ ይደርሳል። ከብስክሌት ወርዶ መሮጥ የጀመረ ሰው እግሮቹ ለጊዜው አልታዘዝ እንደሚሉት በስፖርቱ ዘንድ የታወቀ ነው። «ወራጅ አለ» ብሎ የወረደ ሰው የታክሲውን በር ይዞ ለጥቂት ጊዜ የሚቆመውም ለዚሁ ነው እንጂ መልስ እየጠበቀ አይደለም፤ መልሱን አስቀድሞ ተስፋ ቆርጦበታል።

ቅደም ተከተሉ መዛባቱ አንባቢን አያሳስበው። ሳንዲያጎ ላይም የተጀመረው በሩጫ ነበር፤ ዋና ወደ ፊት የመጣው የደከመ ሰው ውሃ ውስጥ እንዳይሰምጥ በመፍራት ነው። ሲኒማ ራስ ላይ ይህ ስጋት የለም። ለመስመጥ ቢያንስ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ያስፈልጋል።

ዋናው ሁለት ዓይነት ነው። በበጋ ሰው ውስጥ ይዋኛል፤ በክረምት ሰውም ውሃም ውስጥ። ክፍት ውሃ ላይ የሚዋኝ ሰው አቅጣጫ እንዳይስት በየጊዜው ቀና ብሎ ምልክት ያያል። እዚህ ምልክቶቹ የአንዋር መስጊድ ሚናራና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ስለሚገኙ አንዱን የሳተ ሌላው ያቃናዋል። እጅ አጠቃቀሙ ግን ከመማሪያ መጻሕፍቱ ይለያል፦ አንዱ እጅ ይቀዝፋል፤ ሌላው ኪስ ላይ ነው። ቦርሳ ከጀርባ ወደ ደረት ይዞራል። ልምድ ያለው ዋናተኛ ደግሞ ከአንድ ተሸካሚ ኋላ ይለጠፋል። ተሸካሚው ኩንታል በጀርባው አዝሎ «ዞር በሉ!» እያለ ሕዝቡን ሲከፍል እሱ ከኋላው በተከፈተው ውስጥ ይፈሳል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ በትራያትሎን ሕግ የፊተኛውን ተከትሎ መሄድ ለአማተር በብስክሌት በአብዛኛው የተከለከለ ቢሆንም በዋና የተፈቀደ ነው። ነውሩ ተሸካሚው ሲቆም መገላመጥ ነው።

ስለ አልባሳት አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ለአማተሮች ውሃው ከ22 ዲግሪ በላይ ከሞቀ የጎማ ልብስ መልበስ ይከለከላል። የነሐሴ ጎርፍ እዚያ ስለማይደርስ ቡትስ ጫማ ሕጋዊ ነው። የዋና ቆቡ በተለምዶ ፌስታል ነበር፤ ከሹሩባ ላይ ይጠለቅና ከጆሮ በታች ይታሰራል። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ግን የቆቡ ዕጣ ፈንታ ግልጽ አይደለም። ሴቶች ተወዳዳሪዎች ምን እንዲለብሱ እንደታሰበ አዋጁ ዝም ብሏል።

አሁን የጥናቱ ማዕከል ላይ ደርሰናል። ትራያትሎን ሦስት ስፖርት ነው ቢባልም ባለሙያዎቹ አራተኛ አለው ይላሉ፤ እሱም ሽግግሩ ነው። ከውሃ ወጥቶ ጫማ ማጥለቅ፣ ቆብ መቀየር፣ ብስክሌት ማንሣት በሰዓቱ ውስጥ ስለሚቆጠር ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚያ ነው። ሕጉም ጥብቅ ነው፤ የራስ መከላከያውን ሳይቆልፍ ብስክሌቱን የነካ ይቀጣል። ሲኒማ ራስ ላይ ተመጣጣኙ ሕግ ስልኩን ሳይደብቅ ከታክሲ የወረደ ይቀጣል የሚለው ነው። ቅጣቱም እዚያው ይፈጸማል።

ነገር ግን ሽግግርን በሚመለከት አማተሩን ማጥናት ጊዜ ማባከን ነው። መጠናት ያለበት መንገድ ላይ ሸራ ዘርግቶ የሚሸጠው ልጅ ነው። ሸራው ላይ ካልሲ፣ የውስጥ ልብስ፣ ቻርጀርና የሕፃን ጫማ በየመልኩ ተደርድሯል፤ ጥንዱ ከጥንዱ አልተለያየም። በአራቱም ማዕዘን ገመድ አለ፤ የአራቱም ጫፍ እሱ እጅ ላይ ነው። ከወዲያ ጥግ «ደንብ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ልጁ ቀና አይልም፤ ማረጋገጥ ለጀማሪ ነው። ገመዱን አንድ ጊዜ ይስባል፤ ሱቁ ከረጢት ይሆናል፤ ከረጢቱ ትከሻ ላይ ይወጣል፤ ትከሻውም ከአካባቢው ይሰወራል። ካልሲ እየመረጠ የነበረው ደንበኛ አንድ እግር ካልሲ ይዞ ባዶ አስፋልት ላይ ቁጢጥ ብሎ ይቀራል። ደንብ አስከባሪዎቹ ካለፉ በኋላ ልጁ ይመለሳል፤ ሸራውን ይዘረጋል፤ ንግግሩንም ካቆመበት ይቀጥላል፦ «እሺ፣ ስንት አልከኝ?» ዓለም አቀፍ አሠልጣኞች ሽግግርን ለማስተማር የሚጽፉትን መመሪያ ይህ ጥናት አንብቦታል። የሚጨምረው ነገር የለም፤ የሚቀንሰው ግን አለ።

ሩጫው ብዙ አያነጋግርም። ከሸራ ተራ ወደ ምናለሽ ተራ፣ ከዚያ «ይህስ የሚገኘው ዱባይ ተራ ነው» ወደተባለው፣ ከዚያም ዋጋ ወደ ጠየቁበት የመጀመሪያው ሱቅ መመለስ 5 ኪሎ ሜትሩን በቀላሉ ያልፋል። ልዩ ብልሃት የሚጠይቀው ከዋጋ ክርክር በኋላ ያለው እርምጃ ብቻ ነው። ገዢው «ይቅር» ብሎ ፊቱን ያዞራል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ «ና፣ ውሰደው» የሚለው ጥሪ እንዲደርሰው። ቶሎ ከሄደ ሳይሰማው ያልፋል፤ ከዘገየ ልቡ ይታወቅበታል። ኃይሌም ቢሆን እዚህ ላይ አሯሯጭ ያስፈልገዋል። የመጨረሻው መቶ ሜትር ወደ ታክሲው የሚደረግ ነው፤ ሁለቱም እጅ ዕቃ ይዞ።

የጥናቱ ውስንነት በደረጃ አሰጣጡ ላይ ነው። አማተሩ ዕቃውንና ስልኩን ይዞ ቤቱ ከገባ አጠናቋል ይባላል፤ ከገባ በኋላ ቁጥሩ የልጁን እግር ካልሆነ ግን ውጤቱ ይሰረዛል፤ ዳኛዋም ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ተሸካሚዎቹንና ባለ ሸራዎቹን ግን ሠንጠረዡ ውስጥ ማስገባት አልተቻለም። ፕሮፌሽናል እንዳይባሉ የሚያገኙት ገንዘብ አይበቃም፤ አማተር እንዳይባሉ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣሉ።

ዘንድሮ ለመካፈል ያሰበ አንባቢ ቅዳሜን ይተውና ማክሰኞ ጠዋት ይሂድ፤ ዝርዝር ብር ይያዝ፤ የልጁን እግር በክር ለክቶ ክሩን ኪሱ ውስጥ ይክተት፤ ከኋላው «ዞር በል!» የሚል ድምፅ ሲሰማም ዞሮ ለማየት አይሞክር፤ ዞር ይበል።